ኮሎምቢያን የሕዝብ ንቀት ማስረጃ አታድርጉብን

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ የቀረቡ ተንታኝ የሰላም ድርድር የሕዝብ ጉዳይ አይደለም ብለው ሲከራከሩ ሰማሁ። በር ዘግተው የሚነጋገሩ ጥቂት ሰዎች ይበቃሉ አሉ። ሕዝብ የገባበት ድርድር የጨረባ ተዝካር ይሆናል፤ ለሕዝቡ ፊርማው ካለቀ በኋላ ግንዛቤ ማስጨበጫ ይሰጠዋል፤ ሐሳባቸው ይኸው ነው። ማስረጃ ሲጠየቁ ኮሎምቢያን ጠሩ። ሕዝቡ ሰላም ይሁን ወይ ተብሎ ተጠይቆ አይሆንም ያለበት አገር ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ አሉ። አወያዩም አንድ ጥያቄ እንኳን ሳይጨምር ወደሚቀጥለው እንግዳ አለፈ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ከዲፕሎማትም፣ ከምሁርም፣ ከባለሥልጣንም አፍ ስንት ጊዜ ሰምተነዋል። በማስረጃው ግን ደሜ ፈላ። ሕዝብን ከድርድር ማራቅ ምን እንደሚያስከትል ማሳየት የፈለገ ሰው ከኮሎምቢያ የተሻለ አገር አያገኝም። ተንታኙ ግን ገልብጠው አነበቡት።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 2016 በመንግሥትና በፋርክ ሽምቅ ተዋጊዎች የሰላም ስምምነት ላይ በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ «አይሆንም» ያለው 50.2 በመቶ ነበር። «ይሁን» ያለው 49.8 በመቶ። ልዩነቱ 54 ሺህ ድምፅ አይሞላም። ድምፅ ለመስጠት የወጣው ደግሞ ከመራጩ 38 በመቶ እንኳን አይደርስም። ከአሥር ሰው ስድስቱ ቤቱ ቀርቷል ማለት ነው። በዚያ ቀን በካሪቢያን ጠረፍ ማቲው የተባለው አውሎ ነፋስ ዝናብ እያወረደ ነበር። ይህንን ይዞ «የኮሎምቢያ ሕዝብ ሰላምን እንቢ አለ» ማለት በሕዝብ ላይ መዋሸት ነው።

የባሰው ደግሞ ከዚያ በፊት የሆነው ነው። የመንግሥትና የፋርክ ሽምቅ ተዋጊዎች ድርድር እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ሃቫና ላይ አራት ዓመት ገደማ ፈጀ። ሃቫና ከቦጎታ በአውሮፕላን እንኳን ሰዓታት ይወስዳል። አንድ የኮሎምቢያ ገበሬ ስለ መሬቱ ምን እየተባለ እንደሆነ የሚሰማው ከጋዜጣዊ መግለጫ ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. ኦገስት 24 ቀን 2016 ድርድሩ አለቀ ተባለ። ሰነዱ 297 ገጽ ነው። መሬት አለበት፣ ፍርድ አለበት፣ ካሳ አለበት፣ ኮኬይን የሚሠራበት ተክል ኮካ አለበት። ስድስት ሳምንት እንኳን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይህንን አንብብ፣ ተረዳ፣ ወስን ተባለ። አራት ዓመት ሲከራከሩ የኖሩ ጠበቆች የጻፉትን 297 ገጽ በ39 ቀን!

መድረክ ጭራሽ አልነበረም አልልም። በተባበሩት መንግሥታትና በብሔራዊው ዩኒቨርሲቲ አዘጋጅነት ስብሰባዎች ነበሩ። የሰው ሐሳብ ተሰብስቦ ወደ ሃቫና ተልኳል። 60 የጦርነቱ ተጎጂዎችም ሃቫና ድረስ ሄደው ተናግረዋል። ጥሩ ነው። ግን ሐሳቡ ሄዶ መልሱስ? ያ ሰው የተናገረው ነገር የትኛው ገጽ ላይ ገባ? የትኛው ተጣለ? ለምን ተጣለ? ለአብዛኛው ሕዝብ ይህንን ተመልሶ የነገረው የለም። የሰው ሐሳብ ወስዶ መልስ ሳይመልሱ መቅረት ማወያየት አይባልም።

ባዶውን ቦታ ደግሞ የሚሞላው አይጠፋም። ከሕዝበ ውሳኔው በኋላ የ«አይሆንም» ዘመቻ ሥራ አስኪያጅ ለአንድ ጋዜጣ ሁሉን ዘረገፈው። ስምምነቱን ማስረዳት ትተን ሰው ተናድዶ እንዲወጣ ነው የሠራነው አለ። በአንዱ አካባቢ አገሪቱ ቬንዙዌላ ልትሆን ነው ተባለ። በሌላው ለሽምቅ ተዋጊ ድጎማ ሊሰጥ ነው ተባለ። ጡረታችሁ ሊቆረጥ ነው የሚል ወሬም ተነዛ። ሰውም አመነ። ለምን አያምን? አራት ዓመት ሙሉ ቁጭ ብሎ ያወያየው ማን አለ? ሰነዱን የሚያውቅ ሰው ወሬ አይነዳውም። የማያውቅ ሰው ግን መጀመሪያ የደረሰውን ይይዛል። በቦጎታም በአዲስ አበባም የሰው ጠባይ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቦሃያ እንሂድ። ቦሃያ በቾኮ ግዛት፣ በወንዝ ዳር ያለች ድሃ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2002 ፋርክና የቀኝ ክንፍ ታጣቂዎች ሲዋጉ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ተጠለለ። ፋርክ በጋዝ ሲሊንደር የሠራው ቦምብ እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ላይ ወደቀ። በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። እንግዲህ ፋርክን ይቅር አልልም ለማለት ከቦሃያ ሰው የበለጠ መብት ያለው ማን ነው? ግን በሕዝበ ውሳኔው ቦሃያ 96 በመቶ «ይሁን» አለች። 96!

ለምን? ከሕዝበ ውሳኔው አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ፣ የፋርክ መሪዎች ቦሃያ ድረስ ሄደው ነበር። ሕዝቡ ፊት ቆመው ይቅርታ ጠየቁ። ሟቾቹን የቀበሩት ሰዎች የሚሉትን አሉ፣ የሚጠይቁትን ጠየቁ። የቦሃያ ሰው ከሌላው ኮሎምቢያዊ የተለየ ልብ የለውም። የተለየው ነገር እሱን ፊት ለፊት ያነጋገረው ሰው መኖሩ ነው። ተንታኙ ይህንን ቢያውቁ ኖሮ ኮሎምቢያን አፋቸው ላይ ባላነሱ ነበር።

ይህ ደግሞ ለኛ ባዕድ ነገር አይደለም። አገር ቤት ደም የሚደርቀው የገዳይም የሟችም ዘመድ በተሰበሰበበት ነው። ሽማግሌ ለብቻው ሲነጋገር አድሮ ጠዋት መጥቶ «ታርቃችኋል» ቢል ማን ይቀበለዋል? ሟቹ የኔ ነው፤ ሳልጠየቅ እንዴት ታረቅኩ ይባላል። ይህንን ማንም የገጠር ሽማግሌ ያውቀዋል። ተንታኙ ግን ስቱዲዮ ቁጭ ብለው ጠፋባቸው።

ሌላ አገር ካስፈለገ ሰሜን አየርላንድ አለች። እዚያ የጥሩው ዓርብ የተባለው የሰላም ስምምነት የተደረሰው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 1998 ነው፤ ሕዝበ ውሳኔው ሜይ 22። እዚያም ስድስት ሳምንት። ግን ሰነዱ ቀጭን ቡክሌት ሆኖ ታትሞ በየቤቱ በፖስታ ተላከ። በየቤቱ! ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1993፣ ኦፕሳል የተባሉ ኖርዌያዊ የሕግ ፕሮፌሰር የመሩት የዜጎች ኮሚሽን አገሩን እየዞረ ሰው ሲሰማ ነበር። ገና ቦምቡ እየፈነዳ ነው ይህ የሆነው። ወደ 3,000 የሚጠጋ ሰው የተሳተፈባቸው ከ500 በላይ ሐሳቦች ቀርበዋል። ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም፣ እስረኛ ያላትም ሟች ያላትም ተናገረች።

እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ከሁለቱም ወገን የተሰባሰቡ ሴቶች ፓርቲ አቋቁመው በምርጫ ወደ ድርድሩ ገቡ። ወንዶቹ ፖለቲከኞች እንደ ላም እየጮኹ አፌዙባቸው። ሴቶቹ ግን አልወጡም። የተጎጂዎችን ጉዳይ ሰነዱ ውስጥ አስገቡ። የመጨረሻዎቹ ሳምንታት በዝግ በር ነበሩ፤ ድርድሩን የመሩት የአሜሪካው ጆርጅ ሚቼል በሩን ዘግተዋል። እሺ። ግን በዚያ በር የገባው ነገር ውጭ ስንት ዓመት ሲታሽ የቆየ ነው።

ውጤቱስ? በሰሜን አየርላንድ 81 በመቶ መራጭ ወጣ። 71 በመቶው «ይሁን» አለ። በዚያው ዓመት ኦገስት 15 ኦማ ከተማ ላይ በፈነዳው ቦምብ 29 ሰው ሞተ። ስምምነቱ ግን አልፈረሰም። በድምፁ ያጸደቀውን ነገር ሕዝብ በአንድ ቦምብ አይጥለውም።

በተቃራኒው የእስራኤልንና የፍልስጤምን የኦስሎ ስምምነት አስቡ። ጥቂት ሰዎች ኖርዌይ ውስጥ በሚስጥር ተገናኙ፤ እስራኤላዊውም ፍልስጤማዊውም የሰማው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ሴፕቴምበር 1993 ዋሽንግተን ላይ እጅ ተጨባበጡ። ዓለም አጨበጨበ። ሁለት ዓመት አለፍ ብሎ የእስራኤሉን ጠቅላይ ሚኒስትር ራቢንን የገደለው የራሱ አገር ሰው ነው። ኦስሎ የወደቀው በዚህ ብቻ ነው አልልም። ግን የዝግ በር አድናቂዎች ይህንን ፈተና ለምን እንደሚዘሉት ይገርመኛል።

ተኩስ የሚቆምበት ሰዓት በአደባባይ ይወሰን ያለ የለም። ተደራዳሪ ሚስጥር ያስፈልገዋል፤ ይጠብቅ። ሚስጥሩ ግን ሳምንታት ሊቆይ እንጂ ሰላሙን በሙሉ ሊሸፍን አይገባም።

የተንታኙ ንግግር ለኛ ጆሮ እንደተነገረ ደግሞ ግልጽ ነው። ፕሪቶሪያ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲፈረም ከመቀሌ እስከ ጎንደር ሁሉም ከሩቅ ነው የሰማው። መሣሪያው ዝም ማለቱ ትልቅ ነገር ነው፤ የተረፈው ነፍስ ብዙ ነው። ግን ስለ ቀያቸው ሌላ ሰው የተነጋገረላቸው ተፈናቃዮች ከፊርማው ስንት ጊዜ በኋላም መጠለያ ውስጥ ናቸው። ማን ጠየቃቸው? ስለመመለሳቸው፣ ስለደህንነታቸው፣ ስለ ጎረቤታቸው ምን እንደሚያስቡ ማን ቁጭ ብሎ ሰማ?

አገራዊ ምክክር አለ ይባል ይሆናል። አለ። 11 ኮሚሽነሮች የካቲት 2014 ዓ.ም. ተሾሙ፤ ሦስት ዓመቱ ሲያልቅ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ፓርላማው አንድ ዓመት ጨመረላቸው። ጊዜ መጨመሩ አያናድደኝም፤ ሰላም ጊዜ ይወስዳል። የሚያስፈራኝ የኮሎምቢያው ስህተት እንዳይደገም ነው። ኮሚሽኑ በአብዛኞቹ ክልሎች አጀንዳ ሰበሰበ። ከወረዳ ድረስ የመጣ ሰው አዳራሽ ገብቶ ተናግሮ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ያ ሰው አጀንዳው የት እንደደረሰ ይወቅ እንጂ! የታጠቁት ወገኖች ባልተገኙበት ምክክር ላይ ሕዝቡም መልስ ካጣ የሚቀረው የኮሚሽኑ ሪፖርት ብቻ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህንን ነው። የትኛውም ምክረ ሐሳብ ከመጽደቁ በፊት ረቂቁ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛ፣ በሌሎቹም ቋንቋዎች ይታተም። ቀበሌ ድረስ ይውረድ። ማንበብ ለማይችለው በሬዲዮ ይነበብ፤ አንዴ ብቻ ሳይሆን ተደጋግሞ። በመጠለያ ያለው ተፈናቃይ ባለበት ይሰማው። ከየወረዳው ለቀረበው አጀንዳ ይህ ገብቷል፣ ይህ አልገባም፣ ምክንያቱ ይህ ነው የሚል ጽሑፍ ይሰጠው። ለዚህ ወራት ካስፈለገ ወራት ይሰጥ። እኚያ ተንታኝም በሚቀጥለው ሲጋበዙ ስለ ቦሃያ ይጠየቁልኝ።