ይድረስ ለ«ሌላ ካለ ይገለጽ»

ይድረስ በየፎርሙ ግርጌ በነጠብጣብ ተዘርግተህ ለምትኖረው ለክቡር «ሌላ ካለ ይገለጽ»። ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ ወሎዬዎች ከሰልፍ በቀር አልሐምዱሊላህም እግዚአብሔር ይመስገንም እያልን አለን።

በመታወቂያ እድሳት ያደረስክብንን ትተነዋል። የካርድ ክፍሉንም እንዲሁ። የባለፈው ሰኞው ግን ከጉሮሯችን አልወርድ አለ።

ደሴ ነው፤ የጦሳ ተራራ ጉም ገና አልተገፈፈም። አንድ የ46 ዓመት ጎልማሳ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ኋላ ቤተ መጻሕፍት ተሰልፎ የመጽሐፍ ውሰት ፎርም ይሞላል። ስም እስከ አያት፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ ደመወዝተኛ ተያዥ፤ ሁሉም ተሟልቷል። በሲባጎ የታሰረው እስክሪብቶ እንኳ ጽፏል። ከዚያ «የንባብ ዓላማ» መጣ፦ ለፈተና፣ ለጥናት፣ ለሥራ፣ ከዚያ አንተ። ሰውየው ከሦስቱ በአንዱም የለም። አንተን አመነና «ልብ ወለድ ማንበብ ደስ ስለሚለኝ» ብሎ ጻፈ። ስፋትህ ለአሥር ፊደል ስለማይበቃ «ስለሚለኝ» የተያዡ ፊርማ ላይ ወጣች።

መዝጋቢዋ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችው።

«ጋሼ፣ ለልጅዎ ነው?»

«ለራሴ ነው።»

«ፈተና አለብዎት?»

«የለብኝም።»

«ታዲያ ምን አስቸገረዎት?»

ሰልፉ ሳቀ። እሷም በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘችህ። «ይሄ ዓላማ አይደለም፤ ‹ለጥናት› ላይ ምልክት ያድርጉ። ይሄኛው ስርዝ ድልዝ አለበት፣ ውጭ ሌላ ፎቶኮፒ አስደርገው ይምጡ።» ሰልፉ እንደገና ከጅራቱ። ፎቶኮፒ ቤቱ መብራት የለውም፤ ይህን ላንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ልጅቷን ተዋት፣ እሷ ያዘዝካትን ነው የምትሠራው። አንተን ግን እንጠይቅህ። ከ20 ዓመት በኋላ ወደ መጽሐፍ የሚመለስ ሰው ምን እንደሚገጥመው ታውቃለህ? በመጀመሪያው ሳምንት ከሦስት ገጽ አያልፍም፤ እጁ ሳያዘው ኪሱ ገብቶ ስልክ ይዳብሳል። ስለዚህ ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጣል፣ ንባቡ 15 ደቂቃ ይሆናል፤ አቦል ተቀድቶ ቶና እስኪፈላ ማለት ነው። መነሻው በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ አጭር ልብ ወለድ ይሁን፤ አንዱን መጨረስ ሌላውን ያስጀምራላ። በባለ 600 ገጹ የጀመረ ገጽ 40 ላይ ሰዎቹ ይደባለቁበታል፣ በእልህ ከገጽ 1 ይነሳል፣ መልሶ እዚያው ገጽ 40 ላይ ይቆማል። መላው የሰዎቹን ስምና ዝምድና ዕልባት በሆነችው ቁራጭ ወረቀት ላይ ማስፈር ነው። ካልጣመም መመለስ፤ የተበላ ዕዳ የለም። እስቲ ይህ ሁሉ የትኛው ነጠብጣብህ ላይ ይግባ?

ደግሞስ መጀመሪያ ከመጽሐፍ ያባረረው ማን ሆነና! ያንተው ዘመዶች አይደሉም እንዴ፣ እነ «የምንባቡ ዋና ሐሳብ ምንድን ነው?»፣ እነ «ባዶ ቦታውን ሙላ»! አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥያቄ ያልተለጠፈበት አንድ ተረት አላነበበም። ልጅ ሆኖ የወደደውን በማርክ አስጠላችሁት፤ ዛሬ በገዛ እግሩ ሲመለስ በሰው ፊት ታስቁበታላችሁ። ነውር ነው!

ያውም የት አገር! አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሲያስተምሩ፣ ሸሆቻችን በዐረብ ፊደል የአማርኛ መንዙማ ሲጽፉ፣ «ምልክት ያድርጉ» ያላቸው አልነበረም።

መጻፍም አምሮታል ብንልህ ታመህ ትተኛለህ። ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል፤ በቀኙ ገጽ ይጻፋል፣ ግራው ለእርማት ይቆያል። በቀን አንድ ገጽ፣ ሳይሰርዙ፤ ስርዝ ድልዝ ለነገ ነው። በነጋታው ጮክ ብሎ ሲነበብ ማሰሪያ አንቀጹ ሁሉ «ነበር፣ ነበር፣ ነበር» እያለ እንደ ኮረኮንች ላይ ባጃጅ ያንገጫግጫል። ያኔ ግማሹን «ነበር» መንቀል ነው። ምልልስ እንቢ ካለ ባቲ ሰኞ ገበያ ወርዶ የፍየል ክርክር ማዳመጥ፣ ሳይቀዘቅዝም መጻፍ፤ ገዥው ተቆጥቶ ሦስት እርምጃ ሄዶ፣ ጠሩኝ አልጠሩኝ ብሎ አንገቱን የሚያዞርባትን ቅጽበት ጭምር።

ስለዚህ ወይ አራት መስመር ሁን፣ ወይ ጥፋ።

ሰውየው «ለጥናት» ላይ ምልክት አድርጎ ባለ 320 ገጽ የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል ለ7 ቀን ተዋሰ። በየቀኑ በ15 ደቂቃ 8 ገጽ ቢሄድ ስንት ገጽ እንደሚተርፈው አንተ ሙላ።

አባሪ፦ ሁለት ጉርድ ፎቶ
ግልባጭ፦ ለ«ለቢሮ አገልግሎት ብቻ»