«ዘመን ያለፈበት» ሁሉ አሮጌ አይደለም

ወንድሜ፣ «አሮጌና ዘመን ያለፈበት አንድ ናቸው፤ የመንዝ ባናም ዘመን ያለፈበት ልብስ ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ግን ልክ አይደለም።

አሮጌ ስለ ዕድሜና ስለ አገልግሎት ነው የሚናገረው። ጫማህ ሶሉ አልቆ አውራ ጣትህ ብቅ ካለ አሮጌ ነው። ቃሉ ሁሌ ንቀት አለው ማለትም አይደለም፤ ጳጉሜን ላይ «አሮጌው ዓመት አለቀ» ስንል ማንን ሰደብን?

ዘመን ያለፈበት የምንለው ደግሞ ቦታውን ሌላ ነገር የወሰደበትን ነው። አንድ ፍሎፒ ዲስክ፣ ያን የድሮ የኮምፒውተር ፋይል መያዣ፣ ከነላስቲኩ ሳይከፈት አግኝ። አዲስ ነው፣ ማንም አልነካውም። ግን የምትከትበት ኮምፒውተር ከየት ይመጣል? አዲስ ሆኖ ዘመን ያለፈበት ማለት ይሄ ነው።

ባና ግን ሌላ ነው። ከበግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሸመን ወፍራም ልብስ ነው፣ ሲነኩት ይኮሰኩሳል። ያያትህ ባና ጠርዙ ተበልቶ ይሆናል፤ አሮጌ በለው፣ አልከራከርህም። የጥቅምትን ውርጭ እስከመለሰ ድረስ ግን ዘመኑ አላለፈም። የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ይፍረድ።

መድኃኒት ላይ ሲሆን «ጊዜው ያለፈበት» ነው የምንለው፣ አሮጌ አንለውም። «ያረጀ ያፈጀ» ደግሞ ነቀፋ አለበት፣ ለአሠራርና ለአስተሳሰብ ይሄዳል። ደብረ ብርሃንን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የቆረቆሯት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። እሷን «ያረጀች ያፈጀች» ብትል ያስቀይማል። ጥንታዊት በላት።