ወረፋው ስለረዘመ ሥልጠናው ይጠር?

ለአካል ጉዳተኞች አጋዥ ውሾችን የሚያሠለጥኑ የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅቶች አዳዲስ ማዕከላትን ቢከፍቱም ወረፋቸው አልቀነሰም፤ ስለዚህ ያደገው ሕንፃቸው እንጂ ሥራቸው አይደለም የሚል አስተያየት ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ ሰምቼ ዝም ማለት አቃተኝ። ተናጋሪው በዚህ ሳይወሰኑ፣ ሥልጠና ከሚገቡት ውሾች ብዙዎቹ ሳይመረቁ መቅረታቸውን ከብክነት ቆጥረው፣ መመዘኛው እንዲላላና ሥልጠናው በጥቂት ወራት እንዲያልቅ ሐሳብ አቀረቡ። በውይይቱ ላይ ከአጋዥ ውሻ ጋር የሚኖር አንድም ሰው አልተጋበዘም ነበር።

ስለ ሕንፃው የተባለው ብዙ የሚያነጋግር አይደለም። ቦኒታ በርጊን እ.ኤ.አ. በ1975 በካሊፎርኒያዋ ሳንታ ሮዛ ከተማ ኬናይን ኮምፓኒየንስ የተባለውን አጋዥ ውሾች አሠልጣኝ ድርጅት ስትመሠርት፣ ውሻ ዓይነ ስውርን ከመምራት አልፎ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድን ሰው በዕለት ተዕለት ኑሮው ሊያግዝ ይችላል የሚለውን ሐሳብ በቁም ነገር የወሰደው ሰው ጥቂት ነበር። ዛሬ ድርጅቱ በፍሎሪዳ፣ በኒው ዮርክ፣ በኦሃዮና በቴክሳስ ጭምር ማዕከላት አሉት፤ ውሻውን የሚረከበውም ሰው ለውሻውም ሆነ ለሥልጠናው አይከፍልም። ሥራው ባይሰፋ ኖሮ ማዕከሉ ለምን ያስፈልግ ነበር?

እኔን ያስቆጣኝ ያልተመረቀ ውሻ ሁሉ የባከነ ገንዘብ ነው መባሉ ነው። ይህን የሚል ሰው ሥራውን ቀርቦ አላየውም። በኬናይን ኮምፓኒየንስ አብዛኞቹ ውሾች ላብራዶር ሪትሪቨርና ጎልደን ሪትሪቨር የሚባሉት ዝርያዎች ወይም የሁለቱ ዲቃላዎች ናቸው። ቡችላው ስምንት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ወደ በጎ ፈቃደኛ አሳዳጊ ቤት ይገባል፤ እዚያ ዓመት ተኩል ያህል ከሰውና ከመንገድ ጫጫታ ጋር ከተለማመደ በኋላ ለወራት በባለሙያ ይሠለጥናል። በመጨረሻም የሚረከበው ሰው ራሱ ወደ ማዕከሉ መጥቶ ለሁለት ሳምንት ያህል ከውሻው ጋር አብሮ ይሠለጥናል።

ከሥራዎቹ አንዱን ብቻ እንመልከት። ከለስላሳ ወለል ላይ የወደቀ የባንክ ካርድ ማንሳት ለውሻ እጅግ ከባድ ነው፤ ካርዱ ይንሸራተታል፣ ጥርሱም ጠርዙን መያዝ ይሳነዋል። ውሻው ተስፋ ሳይቆርጥ ደጋግሞ መሞከር፣ ሳያኝክ ማንሳት፣ ከዚያም ጣቶቹ የማይታጠፉለት ሰው ጭን ላይ ሳይጥል ማስቀመጥ አለበት። ይህንንም ጸጥ ባለ ክፍል ብቻ ሳይሆን ሕፃናት በሚሯሯጡበትና ምግብ መሬት ላይ በወደቀበት አዳራሽ ውስጥ፣ ባለቤቱ ባዘዘበት ቅጽበት ማድረግ ይጠበቅበታል። አሁን ደግሞ ሁሉንም ትእዛዝ በሚገባ የተማረ፣ ነገር ግን ድመት ባየ ቁጥር ራሱን የማይገታ ውሻ እናስብ። ይህን ውሻ ቁጥር ለማሟላት ሲባል ማሰሪያውን ከተሽከርካሪ ወንበር ጋር ለያዘ ሰው ብናስረክብ፣ ውሻው በዘለለ ቀን ወንበሩ ተገልብጦ የሚሰበረው የዚያ ሰው አጥንት ነው። አሠልጣኙ ይህን ውሻ "አይሆንም" ብሎ ሲመልሰው ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ ውሻውም ቢሆን ለሌላ ሥራ ወይም እንደ ቤት ውሻ ለሚያሳድገው ቤተሰብ ይሰጣል እንጂ አይጣልም። ታዲያ ብክነቱ የቱ ላይ ነው?

መመዘኛውን ማላላት ይበልጥ የሚያሰጋው በአሜሪካ ሕግ አጋዥ ውሻ የምስክር ወረቀት እንዲኖረው ስለማይጠየቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የአሜሪካ አካል ጉዳተኞች ሕግ መሠረት፣ የውሻው አገልግሎት በግልጽ በማይታይበት ጊዜ የሱቅ ወይም የሆቴል ሠራተኛ ውሻው በአካል ጉዳት ምክንያት ያስፈልግ እንደሆነና ምን እንዲሠራ እንደሠለጠነ ከመጠየቅ በቀር ማስረጃ አምጣ ማለት አይችልም። አካል ጉዳተኛውን በየበሩ ከመንገላታት ስለሚያድነው ይህ ተገቢ ሕግ ነው፤ ሆኖም የውሻውን ብቃት የመጠበቁን ኃላፊነት ከሞላ ጎደል በአሠልጣኙ ኅሊና ላይ ይጥለዋል። የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ባወጣው ደንብ፣ አየር መንገዶች ለስሜት ድጋፍ የሚያዙ እንስሳትን እንደ አጋዥ እንስሳ የመቀበል ግዴታ እንዳይኖርባቸው ያደረገው፣ ያልሠለጠኑ እንስሳት በአውሮፕላን ውስጥ ባደረሱት ጉዳት ምክንያት ጭምር ነው። ያልበቃ ውሻ የሚያጠፋው ጥፋት ዞሮ ዞሮ በሚገባ የሠለጠነ ውሻ ይዞ የሚሄደውን ሰው ያስጠረጥራል፤ ይህን ማየት የተሳነው ሰው ስለ ሥልጠናው ርዝመት የሚሰጠው ምክር ለእኔ ሚዛን አይደፋም።

ወረፋው ረጅም መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ማነቆውን ከአሠልጣኙ ጥብቅነት ይልቅ ቡችላ ተቀብለው የሚያሳድጉ ቤቶች ቁጥር ላይ ብንፈልገው ይሻላል። የኬናይን ኮምፓኒየንስ አሳዳጊ ክፍያ አይቀበልም፤ የቡችላውን ምግብና ሕክምና ከኪሱ እየሸፈነ፣ በየሄደበት ይዞት እየዞረ ካሳደገው በኋላ መልሶ ያስረክባል። ቅሬታ ያለው ሰው ድርጅቶቹ እንዲህ ያሉ አሳዳጊዎችን ለመመልመልና ወጪያቸውን ለመጋራት ምን ያህል እንደሚጥሩ ይጠይቅ፤ ይህ ተገቢ ጥያቄ ነውና መልሱን እኔም መስማት እፈልጋለሁ።