ጣታችሁ ይባረክ

ባለፈው እሑድ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለው የእድራችን የቴሌግራም ግሩፕ «የወሩ ንቁ አባላት» የሚል ዝርዝር ለጠፈ። መልእክት የሚቆጥር ቦት ገብቶልናል፣ እንኳን ደስ ያለን። አንደኛ የወጣው አባል በአንድ ወር ከሺህ በላይ ልኳል። ከመካከላቸው እድሩን የሚመለከት አንድ ፈልጌ አጣሁ፤ ዓይኔ ደክሞ ይሆናል።

የሰውየውን ጥበብ ግን ማድነቅ ይገባል። እኛ ዕድላችንን አባካኞች «ነገ ስብሰባ አለ ወይ?» ብለን ባንድ ትንፋሽ ጨርሰን እንተኛለን። እሱ መጀመሪያ «ነገ» ይላል። ስልካችን ይጮኻል። ምን መጣ ብለን ስንከፍት «ስብሰባ» ይጨምራል። ከዚያ «አለ»፤ ከዚያ «ወይ»፤ የጥያቄ ምልክቷም እንደ ሙሽራ ብቻዋን ትመጣለች። አምስት። ቀጥሎ «ማለቴ»፣ «ከነገ»፣ «ወዲያ»። ስምንት። ጸሐፊው «የለም» ሲለው «እሺ» ይላል፤ እሺን ባውራ ጣት ያጸናታል፤ አውራ ጣቷን በጽጌረዳ ያጅባታል፤ ጽጌረዳዋ ላይ «መልካም ምሽት» ተጽፏል፣ ከቀኑ በ8 ሰዓት። አሥራ አንድ። ስህተቱ ሲገባው ያጠፋትና «መልካም ቀን» ያለባትን ይልካል። ቦቱ የጠፋችውንም ቆጥሮለት ደርዘን ሞላ።

ድንኳን የሚጠብቁት አዛውንት ግን ዜሮ ናቸው። ሌሊት ሲጠሩ ጋቢያቸውን ጣል አድርገው መጋዘን ይከፍታሉ፣ የብረት ምሰሶውን ከጎረምሶቹ እኩል ይሸከማሉ፤ ታዲያ ይሄ በስልክ ይጻፋል? «ተሳትፎዎን ያሻሽሉ» የሚል ማስጠንቀቂያ ደርሷቸዋል። በዚህ ሚዛንማ የፋሲለደስ መዋኛም ካገር ይባረር። ዓመቱን ደርቆ ይከርምና ለጥምቀት ብቻ ከቀሃ ወንዝ ውኃ ይሞላል። በዓመት አንድ መልእክት! የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት መላእክትማ አይነሡ፤ ይሄን ሁሉ ዘመን ዓይናቸውን አፍጥጠው ከማየት በቀር አንድ ስቲከር አልላኩም።

የሰኔውን ነገር ግን በቀልድ አላልፈውም። አንዲት ጎረቤታችን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ «እናቴ ዐረፈች» ብላ ጻፈች። የዚያን ለት የአንድ አባል ልጅ ልደት ነበር፦ ኬክ፣ ፊኛ፣ «ያሳድግልን»፣ እንደገና ኬክ። መልእክቷ ከእናቷ ቀድሞ ተቀበረ። እስከ ረፋድ ድንኳን ሳይተከል፣ ልጅቱ ሬሳ አጠገብ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር! እድር የምንከፍለው ለዚያች ሰዓት አይደለም እንዴ? ለየትኛው ቀን ነው ታዲያ የምንጠራቀመው? ድሮ ጥሩምባ ነፊው አንዴ ሲነፋ ሰፈር ይነሣ ነበር። የዚያን ቀን ለቅሶውን በግድግዳ በኩል ሰምተው የደረሱት ባለ ዜሮው አዛውንት ናቸው።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ላንደኛው ሽልማት ይታሰብለት እየተባለ ነው። እደግፋለሁ፤ ድንኳን ተሸካሚ የጠፋ ቀን ጽጌረዳዎቹን ቀጣጥለን ዳስ እንጥልባቸዋለን። እኔም እንዳልባረር ጀምሬያለሁ። ዛሬ ጠዋት «ሰ» ብዬ ላክሁ። «ላም» ማታ ትገባለች።