እርማት፦ ጭላዳ ዳቦ አይሰጠውም

ወገኖቼ፣ «የስሜን ተራሮች ጭላዳ ዝንጀሮ ሰው የለመደ ነው፤ ዳቦ ወይም ሙዝ ቢወረውሩለት ችግር የለውም» የሚል ሐሳብ እዚህ ደጋግሞ ተጽፏል። በቅንነት እንደተጻፈ አልጠራጠርም፤ ግን ስህተት ነው።

ጭላዳ የሰው መኖርን እንጂ የሰው ምግብን አልለመደም። ዋና ምግቡ ሣር ነው፤ በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ሥር ይቆፍራል። ማረጋገጥ ቀላል ነው፦ በስሜን ፓርክ ካምፖች በሳንቃበር ወይም በጨነቅ አካባቢ ራቅ ብላችሁ ሩብ ሰዓት እጁን ብቻ ተመልከቱ። ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ሣሩን እየነጨ፣ ጭብጥ ሲሞላለት ይጎርሳል፤ ከዚያ ሳይነሳ በመቀመጫው ፈቀቅ ይላል። አብሯችሁ የሚሄደውን ስካውትም (የፓርኩን ጠባቂ) ጠይቁት።

ጉዳቱ የሚመጣው በኋላ ነው። ዳቦ የቀመሰ መንጋ ሰው ሲያይ ሣሩን ትቶ ወደ ካምፕና ወደ ቦርሳ ይመጣል፤ ሲነጥቅም ይናከሳል። ገበሬው በገብሱ ምክንያት ከጭላዳ ጋር ድሮም አልተስማማም። ድፍረት የጨመረ መንጋ ማሳው ላይ ሲወርድ በድንጋይ የሚመታው ጭላዳው ነው እንጂ ዳቦ ሰጪው እንግዳ አይደለም፤ እኔን የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። በሰውና በጭላዳ መካከል ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ በሽታም አለ።

ስለዚህ ምግባችሁን ቦርሳ ውስጥ ዝጉ፣ የሙዝ ልጣጭ እንኳ አትጣሉ፣ ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ። ቅንድቡን ወደ ላይ ስቦ ነጣ ያለውን የዓይን ቆቡን ካሳያችሁ እያስፈራራ ነው፤ ሳትሮጡ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ በሉ።