ሥዕልን የመጽሐፍ መጠቅለያ አታድርጉት

ወገኖቼ፣ በተለይም እናንተ ግጥም የምትጽፉና የምታሳትሙ፣ ቃሌ ቢጎረብጣችሁም ስሙኝ።

በአንድ የግጥም መጽሐፍ ምርቃት ላይ ተገኝቼ ነበር። የሽፋኑ ሥዕል ልብ ይሰርቃል። የማን እንደሆነ ለማወቅ መጽሐፉን ከፊት እስከ ኋላ አገላበጥሁት። የማተሚያ ቤቱ ስም አለ፤ ምስጋና የደረሳቸው ሰዎች ገጽ ሞልተዋል፤ የሰዓሊው ስም ግን የለም። ገጣሚውን ብጠይቀው «ከኢንተርኔት ያገኘነው ነው» አለኝ፣ ፊቱ ሳይለወጥ። ይኸው ሰው አንዲት ስንኙ ያለ ስሙ ተለጥፋ ሲያገኛት እንዴት እንደሚቆጣ አይቻለሁ።

ይህ ነውር ነው! የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥዕልንም እንደ ግጥም ሁሉ ይጠብቃል፤ አዋጁ ባይኖርም ነውርነቱ አይቀርም ነበር።

ቃልና ቀለም እኮ በእኛ ዘንድ ባዳ አልነበሩም። በብራና ገጽ አናት ላይ የሚጠላለፈውን ጌጥ ሐረግ እንለዋለን፤ የስንኝን ክፋይም ሐረግ እንለዋለን። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከሥዕሉ ጎን «ዘከመ» (በግእዝ «እንዴት እንደ» ማለት ነው) ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ እናገኛለን፤ ዓይን ከፊደሉ ወደ መልኩ፣ ከመልኩ ወደ ፊደሉ ይመላለሳል። ሰዓሊና ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታ የዚህ ቤት ልጅ ነው። በጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ተመለሰ፣ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፣ ብሩሹንም ብዕሩንም እስከ መጨረሻው አልጣለም። «ሀገሬ» የተሰኘውን ግጥሙን በቃላችሁ የምትወጡት ብዙዎች ናችሁ። ከእናንተ መካከል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ ወደ ተሰየመው ማዕከል ገብቶ ሥዕሎቹን ያየ ስንቱ ነው?

ሰዓሊዎችም ከወቀሳው አታመልጡም። ግጥሙን ሳታነቡ፣ በስልክ በተነገራችሁ ርእስ ብቻ ትሥላላችሁ። ስለ ዝናብ ነው ሲሏችሁ ዝናብ፣ ስለ እናት ነው ሲሏችሁ እናት።

ገጣሚዎቻችን ከሙዚቀኛ ጋር መሥራቱን ችለውበታል። ጦቢያ ግጥም በጃዝ በራስ ሆቴል ያን ሁሉ ሰው ሲሰበስብ አይተናል። ሙዚቀኛው በመድረኩ ላይ ቦታ አለው፤ ሕዝቡም ያጨበጭብለታል። ለሰዓሊው ይህን ማን ከለከለው?

እንግዲህ ረቂቃችሁን ከማተሚያ ቤት በፊት ለሰዓሊ ስጡ። የሥራ ክፍሉ ድረስ ሄዳችሁ አንብቡለት፤ «ይህ ስንኝ ሥዕሉን ያፍነዋል» ቢላችሁም አድምጡት። ክፍያውን ከወረቀቱ ዋጋ ጋር አስቀድማችሁ መድቡ። ስሙንም ከስማችሁ ሥር፣ እዚያው ሽፋኑ ላይ ጻፉት።