ባሕር ዳር የመጣ እንግዳ መጀመሪያ የት ይሂድ?

ጥያቄው አጭር ነው። ባሕር ዳርን አይቶ የማያውቅ ሰው አንድ ቀን ብቻ ቢኖረው የት እንውሰደው? ሁለት ሰዎች ተከራክረውበታል። አንዷ ያደገችው ጨርቃጨርቅ ፋብሪካው አካባቢ ነው። ሌላው ዘጌ ተወልዶ ጣና ላይ እንግዳ ሲያመላልስ የኖረ ነው።

የፋብሪካው ሰፈር ልጅ

እንግዳ ሲመጣብን ሁላችንም የምናደርገው አንድ ነው። ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ጀልባ ላይ እንጭነዋለን። ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ ከዚያ ጢስ ዓባይ፣ ማታ አሳ ጥብስ፣ በነጋታው መንገድ። ከተማዋን ሳያያት ይሄዳል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ገዳማቱ ከሁለተኛው በኋላ አንድ ናቸው።

ባሕር ዳርን ከተማ ያደረጋት ፋብሪካው ነው። ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ነው የተቋቋመው፣ በፈረንጆቹ 1961። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳይምታታ።) በ1963 ፖሊ ቴክኒኩ በሶቭየቶች እርዳታ ተከፈተ። ያኔ ጀርመኖችም የከተማዋን ፕላን አወጡ። ዛሬ ዘንባባው ሥር ፎቶ የምንነሳበት ሰፊ መንገድ ዝም ብሎ የበቀለ አይደለም።

እናቴ ፈተላ ክፍል ነበረች። ከሌሊት ፈረቃ ስትመለስ ፀጉሯ ብቻ ሳይሆን ቅንድቧ ላይ ሳይቀር የጥጥ ብናኝ ይዛ ትገባለች። በር ላይ ትቀመጥና እኛ ልጆቿ አንድ በአንድ እንለቅምላታለን። የወረረን አገር የከፈለው ካሳ በእነዚህ ሴቶች እጅ ክር ሆኗል። ይሄን ለእንግዳ ካላሳየን ምን ልናሳይ ነው?

የዘጌው ባለጀልባ

ልጄ፣ «ከሁለተኛው በኋላ አንድ ናቸው» ያልሽውን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ዓይኔ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር።

ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አጽም ያረፈበት ነው፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የዐፄ ፋሲል። ናርጋ ሥላሴን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት፣ ራሷም ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ እዚያው ተስላለች። ጣና ቂርቆስ ታቦተ ጽዮን ያረፈችበት ነው ብለው አባቶቻችን ያቆዩን ቦታ ነው። እነዚህ ናቸው አንድ የሆኑብሽ?

ስለ ዘጌም ልንገርሽ። ዘጌ ላይ በሬ አይጠመድም፣ ከብትም አይረባም። የአቡነ በትረ ማርያም ቃል ነው ብለን ይዘነዋል። ጫካው እስከ ዛሬ የቆመው፣ ቡናው በጥላው ሥር የሚለቀመው በዚያ ቃል ነው። አባቴ እንጨቱን በደንገል ታንኳ ጭኖ ባሕር ዳር ገበያ ሲያደርስ ፋብሪካው የሚባል ነገር አልነበረም። ገበያው ግን ነበር።

ደግሞ ፋብሪካ ገብቶ ምን ይታያል? ማሽን ነው። ማሽን የትም አለ።

የፋብሪካው ሰፈር ልጅ

ጋሼ፣ ልጄ አይበሉኝ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው።

ማሽን የትም አለ ብለዋል። እኔ የጻፍኩት ስለ ማሽን ነበር? ስለ ሰው ነው የጻፍኩት። እናቴን ዘለው ማሽኑን አዩ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅዎት። ገዳማት ካሉባቸው የጣና ደሴቶች መካከል ሴት የማትረግጣቸው አሉ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ሳለ አባቴና ታናሽ ወንድሜ ወርደው ገቡ፣ እኔና እናቴ ጀልባው ላይ ቀረን። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ውኃው ላይ ሆና ጸለየች። እኔ ዛፍ ዛፉን ሳይ ቆየሁ። ወንድሜ ሲመለስ ምን እንዳየ ብጠይቀው «ሥዕል» አለኝ፣ በቃ። ሥርዓቱን አልነቅፍም፣ መንቀፍም ነውር ነው። ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት ይሄ ነው ሲሉ ግማሹን እንግዳ ጀልባ ላይ ጥለውት እየሄዱ ነው።

የዘጌው ባለጀልባ

እሺ፣ ከእንግዲህ እርስዎ እልዎታለሁ። በፍቅር ያልኩት ነበር።

«አንድ ናቸው» ያሉትን ግን አላነሡም። እኔ እዚያው ነኝ።

ፋብሪካው ከተማ አመጣ ብለዋል። መብራትስ ከየት አመጣ? በፈረንጆቹ 1964 ጢስ ዓባይ ላይ የኃይል ማመንጫ ተተከለ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። 30 ኪሎ ሜትር አቧራ ጠጥቶ የሄደ እንግዳ በበጋ የሚያገኘው እርጥብ ድንጋይና አንድ ቀጭን የውኃ ክር ነው። «ጢሱ የታለ?» ይሉኛል። ለስንቱ ልመልስ? የእርስዎ ኢንዱስትሪ የእኛን ፏፏቴ ጠጥቶታል።

የፋብሪካው ሰፈር ልጅ

ይሄ ልክ አይደለም፣ ጋሼ። የ1964ቱ ጣቢያ ከ12 ሜጋ ዋት አይበልጥም። ፏፏቴውን ያከሳው ዓባይ ከሐይቁ ሲወጣ የተሠራው የጫራ ጫራ መቆጣጠሪያና በ2001 የተከፈተው ሁለተኛው ጣቢያ ነው፣ እሱ ብቻውን ከ70 ሜጋ ዋት በላይ ነው። በ2010 ደግሞ ጣና በለስ በ460 ሜጋ ዋት መጣና ውኃውን ከሐይቁ በሌላ በኩል ወሰደው። ያን ሁሉ ኃይል የእናቴ ክፍል አልጠጣውም። የእርስዎ ስልክም የሚሞላው በእሱ ነው።

ስለ ሴቶቹ አንድ ቃል አልመለሱም። አይቻለሁ።

ገዳም ጠል አድርገው ስለሳሉኝ ደግሞ ይሄን ልጻፍ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት መቅደሱ ዙሪያ ያለው ሥዕል ግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው የተሳለው። እናቴን ጡረታ ከወጣች በኋላ ወስጃት ነበር። ተሳለመች፣ ዞረች፣ ከዚያ አንድ ጥግ ጋ ቆመች። የጨርቁ ጠርዝ ትንሽ ተነሥቶ ክሩ ይታያል። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ጠጋ አለችና ድርና ማጉን አየችው፣ ብዙ ቆየች። «የእጅ ፈትል ነው» አለችኝ። አስጎብኚው ስለ ቅዱሳኑ ሁሉንም ነገረን፣ ስለ ጨርቁ ግን ምንም አላለም። ያንን ጨርቅ የፈተለችው ሴት ናት። እኔ እንግዳው እንዲያያት የምፈልገው እሷን ነው።

የዘጌው ባለጀልባ

ያንን ጠርዝ አውቀዋለሁ። ሃያ ዓመት በአጠገቡ አልፌያለሁ፣ ክሩን አስተውዬው ግን አላውቅም። ይሄን አልክድም።

ግን እናትዎ ክሩን ያዩት የት ሆነው ነው? ገዳሙ ውስጥ ነው። ፋብሪካው በር ላይ ቆመው አላዩትም። ታዲያ መጀመሪያ የት ይሂድ ለሚለው መልሱን ራስዎ ጻፉት።

እኔን ያስቀየመኝ ፋብሪካው አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ወስጄ ያሳየሁትን ነገር በአንድ መስመር «አንድ ናቸው» ብለው መዝጋትዎ ነው። እሱን ቃል ያውጡልኝ።

የፋብሪካው ሰፈር ልጅ

ጀልባው ላይ ስለቀረነው ሲመልሱልኝ አወጣዋለሁ።